ተሸክመን እናስገባሃለን ማለት ይብቃን

ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ፈተና ባለቀ በማግሥቱ ቅዳሜ አምስት ሆነን ለመዝናናት ወጣን። ከአምስታችን አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ የክፍል ጓደኛችን ነው። የሄድንበትን መዝናኛ ቤት ስም አንጠራም፤ አንድን ቤት ለይተን ለመውቀስ አልተነሣንምና፤ ደግሞም እንደ እርሱ ያለው በከተማችን ውስጥ ብዙ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ሰባት ደረጃ ጠበቀን። ዘበኛው ሽማግሌ ሰው ናቸው። ገና ሲያዩን ከተቀመጡበት ተነሥተው «አይዞህ የኔ ልጅ፣ እኛ እያለን ምን ቸገረህ!» አሉና ሁለት ጎረምሶች ጠርተው ወንበሩን ከነጓደኛችን ብድግ አድርገው አስገቡልን። እኛም አመስግነን ገባን። የአገራችን ሰው ደግነት መቼም ልዩ ነው ተባባልን።

ምሽቱ ደስ የሚል ነበር። ሙዚቃው፣ የቴሌቪዥኑ ኳስ፣ ሳቁ፣ ሁሉም ነበረ። ነገር ግን ጓደኛችን ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ጠርሙስ ውሃ ስንኳ አልጠጣም። «ምነው፣ ጾመኛ ሆንክ እንዴ?» ብለን ቀለድንበት። እርሱም ፈገግ ብሎ «ጠጥቼ የት ልሄድ?» አለን። ዞር ብለን ብናይ መጸዳጃ ቤቱ ሌላ ሦስት ደረጃ ወርዶ ነው፤ በሩም ወንበሩን የሚያሳልፍ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ «እንውጣ» አልነው። ሁለቱንም ጊዜ «የማነበው አለኝ» ብሎ ቀረ። እኛም አመንነው። በሦስተኛው ጊዜ ግን ከመካከላችን አንዱ አጥብቆ ቢጠይቀው እንዲህ ሲል መለሰ፤ «እናንተ ደስ ባላችሁ ሰዓት ገብታችሁ ደስ ባላችሁ ሰዓት ትወጣላችሁ። እኔ ግን ለመግባትም ለመውጣትም ሰው መጠበቅ አለብኝ። የሚያነሡኝ ሰዎች ደጎች ናቸው፤ አልጠላቸውም። ነገር ግን እኔ ዕቃ አይደለሁም።»

ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ቅር አለን፤ ደግ ሠርተናል ብለን እናስብ ነበርና። ቆየት ብለን ስናስበው ግን አፈርን። ይህንንም ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ያ እፍረት ነው። ለማለት የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው። ይኸውም፤ የሕዝብ መዝናኛ ቦታዎቻችን ለአካል ጉዳተኞች ተዘግተው የሚኖሩት ሰው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ደግነታችንም ራሱ በሩን ዘግቶ ይዞታል። ተሸክሞ የሚያስገባ እጅ እስከ ተገኘ ድረስ ባለቤቱ ደረጃውን የሚያስተካክልበት ምክንያት አይታየውም፤ እኛም አመስግነን ስለምንገባ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። እንዲህ እየሆነ፣ ደረጃው እንዳለ ይኖራል፤ የሚቀረው ሰውዬው ነው።

ይህን ስንናገር ከወዳጆቻችን አንዱ የወንጌሉን ታሪክ አነሣብን። «በቅፍርናሆም ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው አላመጡትምን? መሸከም ቅዱስ ሥራ አይደለምን?» አለን። እኛም ታሪኩን ደግመን አነበብነው። አራቱ ሰዎች በሩ በሕዝብ ተጨናንቆ ማለፊያ ባጡ ጊዜ ጣራውን ነድለው ነው ያወረዱት። እንግዲህ ለሰውዬው ሲባል የተነካው ቤቱ ነው። ጣራ እስከ መንደል የደረሱትን ሰዎች እየጠቀስን እኛ ሰባት ደረጃ ለመንካት ብንፈራ ታሪኩን በሚገባ አላነበብነውም ማለት ነው።

ሌሎች ደግሞ «መዝናኛ ምንድን ነው? ገና ሥራው፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱ መች ተሟላላቸው?» ይሉናል። ይህ አነጋገር ብልህ ይመስላል። ዳሩ ግን እኛ ተማሪዎች ራሳችንን እንመርምር። ጓደኛ ያፈራነው የት ነው? በመማሪያ ክፍል ነው ወይስ ከክፍል ውጭ ሻይ ስንጠጣ? የትኛው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ የሰማነው በማስታወቂያ ሰሌዳ ነው ወይስ ጆተኒ ስንጫወት? የወደድናትን ልጅ መጀመሪያ ያነጋገርናት የት ነው? የሰው ልጅ ከሰው ጋር የሚተሳሰረው ሥራ ፈትቶ አብሮ በሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ከዚያ የቀረ ሰው ከሻይ ብቻ አልቀረም፤ ከወሬው፣ ከዕድሉ፣ ከፍቅሩም ቀርቷል። ስለዚህ መዝናኛ ሌላው ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚታሰብ ትርፍ ነገር ነው የሚለውን አንቀበልም።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ሕጉም ብሎታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማናቸውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱም፣ እየተራመዱ ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸውም ተስማሚ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። መጸዳጃ ቤትንም አልዘነጋም፤ በቂ የሆነ ለእነርሱ የሚመች እንዲዘጋጅ አዟል። የጓደኛችን የውሃ ጠርሙስ ነገር ሳይቀር በሕግ ታስቦበት ነበር ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። የዚህ ስምምነት 30ኛ አንቀጽ የሚናገረው በቀጥታ ስለ ባህል፣ ስለ መዝናኛና ስለ ስፖርት ነው፤ አካል ጉዳተኞች ወደ መዝናኛና ወደ ስፖርት ቦታዎች መግባት እንዲችሉ መንግሥታት እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 አገራችን ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል እንደ ሆነ ይናገራል። እንግዲህ ጓደኛችን በዚያ በር ላይ ሲደርስ የመጣው መብቱን ይዞ ነው። እኛ ግን ሁላችንም፣ ዘበኛውም፣ ጎረምሶቹም፣ እኛም ጓደኞቹ፣ እንደ ምጽዋት ቆጠርንለት።

«ሕግስ ይሁን፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እስቲ አብረን እናስላ። ግንበኞች ራምፕ የሚሉት ተዳፋት መወጣጫ የታወቀ ልክ አለው፤ ይኸውም 1 ለ12 ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። አንድ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ይረዝማል፤ ለአንድ መኪና ማቆሚያ ከሚለቀቀው ቦታ ብዙም አይበልጥም። እኛ የተሸከምንበት ሰባት ደረጃ 1 ሜትር ከ5 ነው፤ መወጣጫው 12 ሜትር ከ60 ይሆናል፤ መካከሉ ላይ ማረፊያ ተደርጎለት አንድ ጊዜ ቢታጠፍ በግቢው ጥግ ይበቃዋል። የመጸዳጃ ቤቱ በር 90 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ፣ ውስጡም ወንበሩ የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ቢኖረው፣ ግድግዳው ላይ አንድ የብረት መያዣ ቢተከል፣ በሩም ወደ ውጭ ቢከፈት ነገሩ አለቀ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰውዬው ውስጥ ቢወድቅ በሩን ደግፎ ይዞ ረዳት እንዳያጣ ነው። ይህ ሁሉ ሲሚንቶ፣ ብረትና የጥቂት ቀን ጉልበት ነው። የመብራት ጌጥና የመስታወት ግድግዳ የሚያሠራ ባለሀብት ይህን አልችልም ቢለን ለማመን ይቸግረናል። ሕንፃው ገና ሲሠራ የታሰበበት እንደ ሆነ ደግሞ ወጪው ይበልጥ ያንሳል፤ በሩን አስፍቶ መሥራት፣ ጠባብ ሠርቶ አፍርሶ ከማስፋት ይረክሳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። በከተማችን ለስም ያህል የተሠሩ መወጣጫዎች አሉ። አንዳንዱ እንደ ገደል የቀና ስለ ሆነ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። አንዳንዱ በሚያንሸራትት ንጣፍ ስለ ተነጠፈ በክረምት ዝናብ ደህነኛውን ሰው ሳይቀር ይጥላል። ሌላው በደንብ ተሠርቶ ሲያበቃ የአበባ ማሰሮ ይደረደርበታል፤ ወይም መኪና ይቆምበታል። የላይኛውን ጫፍ ስንመለከትም አንድ ደረጃ ተርፎ እናገኛለን። እንዲህ ያለው መወጣጫ ለተቆጣጣሪ ዓይን የተሠራ ነው፤ ለሰው አይደለም። ስለዚህ መወጣጫ አለ የለም ብቻ ሳይሆን ሰው ወጥቶበታል አልወጣበትም ብለን እንጠይቅ።

ነገሩ የደረጃ ብቻም አይደለም። ዓይነ ስውር የሆነች ጓደኛችን ከእኛ ጋር ካፌ በገባች ቁጥር አስተናጋጁ እኛን እያየ «ለእሷስ ምን ይምጣላት?» ይላል። እርሷም «አፍ አለኝ፤ እኔን ጠይቀኝ» ብላ መመለስ ለምዳለች። ለዚህ ሲሚንቶ አያስፈልግም፤ አስተናጋጁ ወደ እርሷ ዞሮ የምግቡን ዝርዝር ከነዋጋው ቢያነብላት ይበቃል። መስማት የተሳናቸው ጓደኞቻችንም ለቲያትር እንደ ሌላው ሰው ከፍለው ገብተው፣ ሰው ሲስቅ እያዩ ምን እንዳሳቀው ሳያውቁ ይወጣሉ። በወር አንድ ምሽት እንኳ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቢቆም፣ ያን ምሽት ለይተው የሚመጡ ተመልካቾች ይገኛሉ። ዋና ያለበትም ቦታ ቢሆን ጥልቀቱ በድንገት የማይጀምር፣ መያዣ ብረት ያለው መግቢያ ቢሠራለት አካል ጉዳተኛው ብቻ ሳይሆን ሽማግሌውም ሕፃኑም ይጠቀምበታል። ነፍሰ ጡሯስ? ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናትስ? ዛሬ በሩጫ ደረጃ የሚወጣው ጎረምሳስ ነገ በመኪና አደጋ እግሩ ቢሰበር?

የመዝናኛ ቤት ባለቤቶች የሚሰጡን ሌላ መልስ አለ፤ «አይመጡም እኮ፤ ለማን ብለን እንሥራ?» የሚል ነው። ይህ በር ቆልፎ እንግዳ ጠፋ ብሎ እንደ መገረም ነው። የማይመጡት መግቢያ ስለሌለ ነው፤ መግቢያ የማይሠራላቸውም ስለማይመጡ ነው ይባላል። ከዚህ ክብ ውስጥ መጀመሪያ መውጣት የሚገባው ማን ነው? መወጣጫ መሥራት የሚችለው ባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰውም እርሱ ነው። ደግሞም አንድ ሰው መግባት ሲያቅተው የሚቀረው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ይወቁት። እኛ አምስት ነበርን። ጓደኛችን ወደማይገባበት ቤት አንሄድም ብንል ቤቱ የሚያጣው አምስት ደንበኛ ነው።

አካል ጉዳተኛውን ከቤት ሊውል የሚገባው ሰው አድርጎ ማሰብ ከእውነቱ ጋር አይስማማም። በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው የፓራሊምፒክ ጨዋታ ትዕግሥት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር ሮጣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ደግማ አሸነፈች፤ በዚያው ጨዋታ ያየሽ ጌቴም በዓይነ ስውራን የ1500 ሜትር ሩጫ ሌላ ወርቅ ጨመረች። ወርቁ ሲመጣ ሁላችንም አጨብጭበናል። ነገር ግን ሜዳልያ ላመጣ ብቻ በር ይከፈት አንልም። ምንም ያላመጣ፣ እንደ እኛ ያለ ተራ ተማሪ፣ ተራ ቡናውን በተራ ወንበር ጠጥቶ ለመሄድ መብት አለው። እኛ ማንም ምን አመጣችሁ ብሎን አያውቅም።

አባቶቻችንም በዚህ ነገር ከእኛ የተሻሉበት ጊዜ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውር ተማሪ፣ ዓይነ ስውርም የቅኔ መምህር ብርቅ አልነበረም። ትምህርቱ በቃል ነውና፤ ጉባኤውም በዛፍ ጥላ ሥር፣ በመሬት ላይ ነውና። ያን ዘመን ሁሉ ነገሩ የተመቸ ነበር አንልም። ነገር ግን ሰው በዓይኑ ምክንያት ከጉባኤ እንዳልቀረ ማወቃችን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ሰውን የሚያስቀረው ጉዳቱ ብቻ አይደለም፤ የቦታውም አሠራር ነው። ቦታውን የሠራነው እኛ ነን፤ ልንለውጠውም እንችላለን።

ይህንንም ለመናገር ጊዜው አሁን ነው። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈቱ፤ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ተጀምሮ ጎዳናዎች ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። መዝናኛና መናፈሻ የከተማ ጉዳይ ሆነዋል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተጠየቀ ነገር በቀላሉ ይሠራል፤ ከደረቀ በኋላ ግን መዶሻ ይፈልጋል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ዝም ብለን ቆይተን በኋላ ብናማርር የሚሰማን አይኖርም።

ባለቤቶቹንና መሐንዲሶቹን ይህን ያህል ከወቀስን በኋላ የራሳችንን ጉድ ብንሸፍን ግን ፍርዳችን የተጣመመ ይሆናል። የእኛው ማኅበር ባለፈው ዓመት ያዘጋጀው የመዝናኛ ምሽት የተደረገው የት ነበር? ፎቅ ላይ ባለ አዳራሽ ነበር። ሊፍትም አልነበረውም። ከአዘጋጆቹ መካከል የዚህ ጽሑፍ ደራሲዎች ነበርንበት። ወንበሩን አሰብን፣ ድምፅ ማጉያውን አሰብን፣ ኬኩን ሳይቀር አሰብን፤ ጓደኛችን በምን እንደሚወጣ ግን ማናችንም አላሰብንም። «ተሸክመን እናወጣዋለን» ብሎ ያሰበ ስንኳ አልነበረም። ያን ምሽት አልመጣም። አለመምጣቱንም ያስተዋልነው በማግሥቱ ነው። ሰው ሳይመጣ ቀርቶ ጓደኞቹ ሳያስተውሉት ከቀሩ፣ ከዚህ የበለጠ መዘጋት ምን አለ?

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለተማሪው ሁሉ የሚከተሉትን አሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ማኅበራችን ከእንግዲህ ሁሉም አባል በራሱ ሊገባ በማይችልበት ቦታ ምንም ዓይነት ምሽት፣ ክርክር ወይም ጨዋታ እንዳያዘጋጅ በውሳኔ ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ በጎ ፈቃደኞች የሆኑ ተማሪዎች ሜትር ይዘው ተማሪው የሚያዘወትራቸውን ካፌዎች፣ ሲኒማ ቤቶችና የወጣት ማዕከላት ይዙሩ። ስንት ደረጃ አለው? የበሩ ስፋት ስንት ነው? መጸዳጃ ቤቱስ? ያገኙትንም ይዘው ባለቤቶቹን በአክብሮት ያነጋግሩ። ስድብ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ማስተካከያ ያደረጉትንም ቤቶች በዚህ መጽሔት እናመስግን።

ሦስተኛ፤ ይህ ሁሉ ሲደረግ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች መሪዎች እንጂ የሚታዘንላቸው እንግዶች አይሁኑ። ይህን ጽሑፍ ለጓደኛችን አስቀድመን ብናሳየው አንብቦ ሲጨርስ «ስለ ደረጃው ብዙ ጽፋችኋል፤ እኔ ብሆን ከመጸዳጃ ቤቱ እጀምር ነበር» አለን። ልክ ነው። እኛ በሩ ላይ የተሸከምነውን ስለምናስታውስ ከበሩ ጀመርን፤ እርሱ ግን ሦስት ሰዓት የተጠማውን ያስታውሳል።

አራተኛ፤ ሁላችንም ከጓደኞቻችን ጋር ስንወጣ ጓደኛችን በክብሩ ሊገባበት የሚችለውን ቤት እንምረጥ፤ ከሌለም ለባለቤቱ ምክንያቱን ነግረን እንመለስ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እስካሁን ጥያቄውን ብቻውን የተሸከመው ጓደኛችን ነው፤ ተካፍለን ብንይዘው ለማናችንም አይከብድም።

እነዚያን ሽማግሌ ዘበኛ አንረሳቸውም። ያደረጉት ከልባቸው ነው፤ ከእርሳቸው የሚጠበቀውንም ከዚያ በላይ አድርገዋል። የጎደለው ከቤቱ ባለቤትና ከእኛ ነው። ለእርሳቸውም ቢሆን በዚያ ዕድሜ ጎረምሳ ሲጠሩ ከሚያመሹ፣ ወጣቱ ራሱን ችሎ ሲገባ «እንደምን አመሸህ የኔ ልጅ» ብለው ቢቀበሉት ይሻላቸዋል።

የሚቀጥለው የማኅበራችን የመዝናኛ ምሽት በምድር ቤት አዳራሽ እንዲሆን ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በጽሑፍ አመልክተናል። የሚሰጠንን መልስ፣ መልካምም ቢሆን መጥፎ፣ በሚቀጥለው ዕትም ለአንባቢያን እናሳውቃለን።